ከስሩ የተሰመረበት ሰማያዊ

ኢንተርኔት ካፌዎች አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ብቅ ብቅ ባሉበት ሰሞን ክፍያው በደቂቃ ነበርና፣ ደብዳቤ የምንጽፈው እዚያ ቁጭ ብለን አልነበረም። ኮምፒዩተር ያለበት ቢሮ የሚሠራ ዘመድ ፈልገን ቀድመን እንጽፍና በፍሎፒ ዲስክ ይዘን እንሄዳለን። ካፌው ስንደርስ የሚቀረን መገልበጥና መላክ ነው። ሞደሙ ጮኾ ጮኾ ከተገናኘ በኋላ ቆም ብሎ ማሰብ እንኳ ገንዘብ ያስከፍላል።

ከሊንክ ጋር የተዋወቅሁት እንዲህ ባለ ጥድፊያ መካከል ነው። ውጭ አገር የሚማር ጓደኛዬ በላከልኝ ደብዳቤ ውስጥ ጥቁሩ ጽሑፍ ድንገት ተቋርጦ ከስሩ የተሰመረበት ሰማያዊ ረድፍ መጣ። ማውሱን ሳስጠጋው ቀስቱ ጠፍቶ አመልካች ጣቷን የዘረጋች ትንሽ ነጭ እጅ ሆነ። ራቅ ሳደርገው ቀስት፣ ሳስጠጋው እጅ። ደቂቃው እየቆጠረ እኔ በዚህ እጫወታለሁ። በመጨረሻ ስጫነው “ገጹ አልተገኘም” አለኝ።

የካፌው ልጅ ከኋላዬ መጥቶ አየና ሳቀ። “ግማሹ ነው እኮ የተከፈተልህ” አለኝ። አድራሻው ረጅም ስለነበረ አንድ መስመር አልበቃውም፤ ለሁለት ተቆርጦ የላይኛው ሰማያዊ፣ የታችኛው ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። የዚያን ዘመን የኢሜይል ፕሮግራሞች እያንዳንዱን መስመር ከ70 እስከ 80 ፊደል ሲሞላ ይቆርጡት ነበር። ለተራ ጽሑፍ ምንም አይደል፣ አድራሻ ግን አንድ ፊደል ከጎደለው ዋጋ የለውም። ልጁ የላይኛውን ገልብጦ አድራሻ መጻፊያው ላይ ለጠፈ፤ የታችኛውን ከጫፉ ላይ ክፍተት ሳይተው ቀጠለበት፤ ገጹም ተከፈተ። “ለጓደኛህ ንገረው፣ ሁለተኛ ሲልክ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገባው” ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ። እውነትም በቅንፍ የታሰረውን አድራሻ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሁለት መስመር ላይ ቢያርፍም እንደ አንድ ይቆጥሩት ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። ኬቪን ጊልበርትሰን የተባለ አሜሪካዊ በ2002 እ.ኤ.አ. ረጅም አድራሻ የሚያሳጥረውን ታይኒዩአርኤልን የከፈተው ከዚሁ ጣጣ ተነስቶ ነው። ሰውዬው ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ ነበረው፤ የገጾቹ አድራሻ በኢሜይል ሲላክ እየተሰበረ አስቸገረው። ይህን ለሰው ሳወራ ከራሴ የፈጠርኩት የሚመስላቸው አሉ።

ሳንጠይቃት በየደብዳቤያችን ግርጌ ሰማያዊ መስመር የምትለጥፍልን ደግሞ ሆትሜይል ነበረች። ሳቢር ባቲያና ጃክ ስሚዝ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ጁላይ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ከፈቷት፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ማይክሮሶፍት ገዛት። በመጀመሪያው አጻጻፍ ከስሟ መካከል የድረ ገጽ ቋንቋ የሆነው የኤችቲኤምኤል ፊደላት በትልቁ ይጻፉ ነበር። ያን ያህል በፍጥነት የሰፋችው ከእያንዳንዱ ደንበኛ ደብዳቤ ሥር “አንተም ነፃ ኢሜይል ክፈት” የሚል ግብዣ ከነሊንኩ ስለምታስገባ ነው። ዋሽንግተን ያለው አጎቴ ለደብዳቤዬ ሲመልስ፣ ስለ ቤተሰቡ የጻፍኩትን ሁሉ ትቶ “ክፈት ያልከኝን ነፃ ኢሜይል ከፍቻለሁ፤ ስላሰብክልኝ ተባረክ” አለኝ። ምርቃቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

የፖስታ ሳጥኗ ግን ጠባብ ነበረች። ሆትሜይል ለአንድ ሰው የምትሰጠው 2 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳው አንድ ፎቶ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገባበትም። ስለዚህ ሠርግ የደገሰ ሰው ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር አያያይዝም፤ ድረ ገጽ ላይ ይሰቅልና ሊንኩን ይልክ ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ሴት ልጃቸው አሜሪካ አግብታ የላከችውን እንዲህ ያለ ደብዳቤ አትሜ ወሰድኩላቸው። አማርኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ ስለሆነ የማነበው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማሩ ናቸውና ዓይናቸው የተሰመረበት ላይ አረፈ።

“ይቺን ለብቻዋ ያሰመረችባት ምን ብትሆን ነው?”

“የሠርጉ ፎቶ ያለበት ነው፣ እማማ። ሲጫኑት ይከፈታል።”

ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ። “በል እንግዲህ ተጫነዋ!”

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ካፌ ሄድን። በስልክ መስመር የሚመጣ ፎቶ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚገለጠው። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ፊኛ መጣ፤ ቀጥሎ የቬሎው ጫፍ፣ ቀጥሎ ፀጉር። “ግንባሯ የኔ ነው” አሉ እማማ፣ ግንባሩ ገና ሳይወጣ ተጠግተው። ልክ አፍንጫው ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ። “አፏን ሳላይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም” ብለው ወንበሩን ያዙ። የካፌው ልጅ እንደገና ሲያገናኝ የባከነውን ደቂቃ አላስከፈለንም፤ እሳቸውም ጉንጩን ስመው መረቁት። ልጅቱ ስትስቅ ነበር የተነሳችው።

አድራሻን ከቃል ሥር መሸሸግ እንደሚቻል ያየሁት ቢሮ ተቀጥሬ አውትሉክ ኤክስፕረስ ፊት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። መጻፊያው አናት ላይ ከተደረደሩት ምልክቶች መካከል ሉልና ሰንሰለት የተሳለበት አለ። ቃሉን በማውስ ትመርጣለህ፣ ምልክቱን ትጫናለህ፣ አድራሻውን ትለጥፋለህ፤ አበቃ። በኋላ በጂሜይልም ሆነ በሌሎቹ ኮንትሮልና ኬን አንድ ላይ መጫን ብቻ በቂ ሆነ። ከስር ያለው አሠራር ቀላል ነው፤ ሊንኩ ሁለት ነገር ይይዛል፣ አንዱ ሰው የሚያየው ቃል፣ ሌላው ኮምፒዩተሩ የሚሄድበት አድራሻ። እኔን ያስደሰተኝ ደብዳቤዬ እንደገና ደብዳቤ መምሰሉ ነው። እስከዚያ ድረስ ወግ ጀምሬ “የአክስቴን ልጅ ምረቃ ብታይ” ካልኩ በኋላ ያ ኤችቲቲፒ ከነሁለት ስላሹ መሐል ላይ ይጋረጥብኝ ነበር። የዓለም አቀፉ ድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. እነዚያ ሁለት ስላሾች ባይኖሩም ይቻል እንደነበር ተናግሯል። ያን ሁሉ ስላሽ በጣት ከለቀምን በኋላ!

አንድ የማልወደው ነገር አለ፤ “እዚህ ይጫኑ” ብሎ “እዚህ” የምትለዋን ብቻ ሰማያዊ ማድረግ። ዓይነ ስውር ጓደኛ ያለው ሰው ይገባዋል። ለዓይነ ስውራን ስክሪን የሚያነብላቸው ፕሮግራም በገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ብቻ ለይቶ መዘርዘር ይችላል፤ ዝርዝሩም “እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ” ይሆንባቸዋል። “የምረቃው ፎቶ” የሚለውን ራሱን ሰማያዊ ማድረግ ምን ያስቸግራል?

አድራሻን ከቃል ሥር መሸሸጉ ግን ለሌባም ተመቸው። የአሜሪካ የቪዛ ሎተሪ የሆነው የዲቪ ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ የሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ለዲቪ 2005 ነው፤ ካፌው እስከ ደጅ ድረስ በሰልፍ ይሞላ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ “እንኳን ደስ አለዎት፣ ደርሶዎታል” የሚሉ ኢሜይሎች ተከተሉ። ላዩ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ስም በሰማያዊ ተጽፏል፤ ከስር ያለው አድራሻ ግን የሚወስደው ገንዘብ ወደሚጠይቅ ገጽ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲቪ ለደረሰው ሰው በኢሜይል “ደርሶሃል” አይልም፤ ይህን ግን ማን ያውቃል? አንዲት ልጅ እጇ እየተንቀጠቀጠ ልትጫን ስትል ያው የካፌው ልጅ ከወዲያ ጥግ ጮኸ። “አትጫኚው! ማውሱን ብቻ አስጠጊና ታች በግራ በኩል የሚወጣውን አንብቢ።” አነበበች፤ መጨረሻው ላይ የአሜሪካ መንግሥት አድራሻ ምልክት የሆነው ጎቭ የለም። “ታዲያ ስሜን እንዴት አወቁት?” አለችው። ለዚህ እሱም መልስ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በየኮምፒዩተሩ ራስ ላይ “ከመጫንዎ በፊት ታች ይመልከቱ” የሚል ወረቀት ለጠፈ።

ያ የመጀመሪያዋን የተቆረጠች ሊንክ የላከልኝ ጓደኛዬ ዛሬ የኮምፒዩተር ደህንነት ባለሙያ ነው። እኔ በየቃሉ ሥር አድራሻ እየሸሸግሁ ስልክለት አንዱንም አይከፍትም። “ተሸፋፍኖ የመጣ አላምንም፣ የአንተም ቢሆን” ይለኛል። ደብዳቤዬን አበላሸህብኝ እያልኩ ብነጫነጭም፣ ለእሱ ስጽፍ አድራሻውን ራቁቱን፣ በማዕዘን ቅንፍ አስሬ እልክለታለሁ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይመልስልኛል።