ቺንጋው ለምን አይወልቅም?

ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር ወፍጮ ቤት ስላክ፣ ከእህሉ ይልቅ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሰፊው ቺንጋ ነበር። እንደዚያ እየተምዘገዘገ ከተጠመጠመበት መዘውር፣ ከፑሊው፣ የማይወልቀው ለምንድን ነው? ፑሊው ጠርዝ የለው፣ ቺንጋውን የሚይዘው ነገር የለ! መልሱን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ነው፦ የፑሊው መሃል በትንሹ ያበጠ ነው። ጠፍጣፋ ቺንጋ ደግሞ ሲዞር ዳገቱን ይወጣል እንጂ ወደ ቁልቁለቱ አይሸሽም (የእኔ ተቃራኒ)። ከመቶ ዓመት በፊት የአውሮፓ ፋብሪካዎች አንድ የእንፋሎት ሞተር፣ ጣሪያ ሥር አንድ ረጅም ዘንግ፣ ከዘንጉ ወደየማሽኑ የሚወርድ የቆዳ ቺንጋ ይዘው የሚሠሩት በዚሁ ብልሃት ነበር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ግን ዘመኑ ለየማሽኑ የራሱ ሞተር የሚሰጥበት ሆኗል። ወፍጮ ቤት ከሄዳችሁ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ፑሊውን አስተውሉት፤ ሲዞር ግን ነጠላችሁን ሰብስቡ።