«እኔ ስድስት ኪሎ ነኝ»

ቀይ ባሕር በኢትዮጵያ የፖለቲካ ወሬ ውስጥ ወደብ ነው፣ ካርታ ነው፣ የታሪክ ክርክር ነው። ውኃ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እጅግ ጨዋማ ውኃ መሆኑንማ የሚያነሣ የለም። ወደ ውስጡ ለሚጠልቅ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድመው ይኸው ነው። የዓለም ውቅያኖስ በአንድ ኪሎ ውኃ በአማካይ 35 ግራም ጨው ሲይዝ፣ የሰሜኑ ቀይ ባሕር 40 ግራም ገደማ ይይዛል። ጨው በበዛ ቁጥር ውኃው ይከብዳል፣ የከበደ ውኃ ደግሞ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ጠላቂ ለመስመጥ እርሳስ ይታጠቃል፤ የሚጻፍበትን ሳይሆን ብረቱን።

ስንት ኪሎ? ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። ሁርጋዳ ወይም ኤላት ላይ ልምድ ያለው ጠላቂ ይህን ሲጠየቅ መልሱን እንደ ደም ዓይነቱ ሸምድዶታል። «እኔ ስድስት ኪሎ ነኝ» ይላል። በአማርኛ ሲባል ሰፈሩን የሚናገር ይመስላል። እሱም በእርግጥ እንደ ሰፈር ነው የያዘው፤ ዕቃው ተለወጠም አልተለወጠም አድራሻው ያው ነው።

ስድስት ኪሎው ግን የሰውየው ብቻ አይደለም። የሰውነቱ፣ የልብሱ፣ የአየር ሲሊንደሩ፣ አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው ጃኬትና የውኃው ድምር ነው። አንዱ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ከነዕቃው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሐይቅ ተምሮ ቀይ ባሕር ሲገባ፣ ለጨው ብቻ ሦስት ኪሎ ያህል ተጨማሪ እርሳስ ያስፈልገዋል።

የመጥለቂያ ልብስ የሚሠራበት ኒዮፕሪን ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የታመቁበት ጎማ ነው። ለዓመታት ጥልቅ ውኃ ሲጫነው አረፋዎቹ ይደቃሉ፣ ልብሱ ይሳሳል። በዚያው በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት የተገዛ አዲስ ልብስ ከአሮጌው ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋል። ገዢው መለኪያው አንድ ስለሆነ የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም።

የሲሊንደሩ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። በቱሪስት ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚገኘው 11 ሊትር ገደማ የሚይዝ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ነው። በ200 ባር ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ብቻውን ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ጠላቂው እየተነፈሰ ይህን ክብደት ይጨርሳል፤ ባዶው አሉሚኒየምም ሁለት ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይስባል። የብረቱ ሲሊንደር አየሩ ሲያልቅም ወደ ላይ አይስብም። ስለዚህ ከአሉሚኒየም ወደ ብረት የተሻገረ ባለ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ ወይም ከዚያ በታች መውረድ ይኖርበታል። አዲስ አበባ ላይ ይህ አጭር መንገድ ነው። ቁጥሩን የልምዱ ማረጋገጫ ላደረገ ሰው ግን ይረዝምበታል።

ባይወርድስ? የበዛውን እርሳስ ለማካካስ ጃኬቱ ውስጥ ብዙ አየር ይጨምራል። ያ አየር ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ በእጥፍ ይሰፋል፤ በጊዜ ካልተለቀቀ ሰውየውን እንደ ቡሽ ያስፈነጥረዋል። እርሳሱ ካነሰ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ሲሊንደሩ ሲቀል፣ 5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ ቆሞ ናይትሮጂኑን ማስወጣት ያቅተዋል። ሳይፈልግ የጀልባ ሞተር ወደሚዞርበት ወለል ይወጣል። በመጥለቅ አደጋ ከሞቱት ብዙዎቹ እርሳሳቸውን እንደታጠቁ ነው የሚገኙት። ለዓመታት የወገብ ቀበቶ የለመደ እጅ፣ አዲሱ ዕቃ እርሳሱን በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሲይዝ፣ በጭንቅ ሰዓት ወደ ወገቡ ነው የሚሄደው። ያንን ኪስ መፍታት ደግሞ ከመጥለቅ በፊት፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ተደጋግሞ መለመድ አለበት።

የጀልባ ላይ አስጎብኚዎች «ሁለት ጨምር፣ ቢበዛ ይሻላል» ማለት ይወዳሉ። ለማን ይሻላል? መስመጥ አቅቶት ቡድኑን የሚያዘገይ ሰው ስለሚቀንስ ለጀልባው ይሻላል። ዕቃውን የሸጠው ሱቅም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ለሚዛን ብቻ መሆን እንዳለበት ብዙ ጊዜ አይነግረውም።

ሚዛኑ የማስመሰል ነገር አይወድም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን ጠረፍ አሩስ ላይ የጠላቂዎች መዝናኛ ከፍቶ፣ በዚያ ሽፋን ቤተ እስራኤላውያንን በሌሊት በባሕር ያስወጣ ነበር። መዝናኛው ሽፋን ነበር፤ እንግዶቹ ግን የእውነት ይጠልቁ ነበር።

ኪሎው ትክክል ሆኖ ቦታው ሊሳሳት መቻሉ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሁሉም እርሳስ ወገብ ላይ ሲሆን እግር ይወርዳል፣ ደረት ይነሣል። እንዲህ የሚዋኝ ሰው በእያንዳንዱ ምት ራሱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ ከባድ መሆኑ አይታወቀውም። ለጊዜው ያቆመው እግሩ ነው። ያው እግር አሸዋውን ያደፈርሳል፣ ኮራሉን ይሰብራል፣ አየሩን ይጨርሳል። መፍትሔው ከወገብ አንድ ሁለት ኪሎ አንሥቶ ወደ ሲሊንደሩ ማሰሪያ፣ ወደ ትከሻ ማዛወር፣ ወይም ሲሊንደሩን ራሱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ነው። የእግር መቅዘፊያው ከከባድ ጎማ ወደ ቀላል ፕላስቲክ ከተቀየረ ደግሞ ሒሳቡ እንደገና ይጀመራል።

ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። በመጥለቁ ማብቂያ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር ሲቀር፣ ወለሉ ላይ ጃኬቱን ባዶ አድርጎ እንደወትሮው አየር ስቦ መያዝ ነው። ውኃው ዓይን ላይ መድረስ አለበት፤ ሲተነፍስ ቀስ ብሎ መስመጥ። ሲሊንደሩ ሙሉ ሳለ ከተለካ ሁለት ኪሎ ያህል ይጨመራል። ለአቋሙ ደግሞ ውኃ ውስጥ እጅ አጣጥፎ፣ እግር ሳያንቀሳቅሱ ግማሽ ደቂቃ መቆየት፤ የትኛው ጫፍ እንደሚወርድ ያኔ ይታያል። ማስተካከያው በአንድ ጊዜ አንድ ኪሎ፣ ከተቻለም በአንድ ቀን አንድ አዲስ ዕቃ ቢሆን ጥሩ ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይም «ስድስት» ብቻ ሳይሆን የትኛው ልብስ፣ የትኛው ሲሊንደር፣ የየት ውኃ እንደነበር ይጻፋል።