ስለ አኒሜ ጉባኤያችን ጥቂት ቃል



ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንድ ሠልጣኝ ባልደረባችን «የነገ መምህራን በካርቱን ሲጨቃጨቁ ማምሸታቸው ተገቢ ነውን?» ሲል መጠየቁ ይታወሳል። ጽሑፉ ስም ባይጠራም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በክበብ ሰዓት የሚጮኸው መማሪያ ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ የተባልነው እኛ መሆናችን ለማንም አልተሰወረም። ከመምህራኖቻችንም አንዳንዶቹ ሰዓቱ ለሌላ ክበብ ቢሰጥ ይሻላል ማለታቸውን ሰምተናል። እንግዲህ ዝም ብንል ሰዓታችን መሄዱ ነው። ከመሄዱ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣና በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንንገራችሁ፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ትሰጣላችሁ።

እኛ የምንለው ሰባት ሠልጣኞችን ነው። አራታችን የታች ጋይንት፣ ሁለታችን የስማዳ፣ አንዷ ደግሞ የእስቴ ልጅ ናት። አኒሜ ማለት ጃፓኖች በሥዕል የሚሠሩት ፊልም ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንጋ ከሚባለው የሥዕል መጽሐፍ ይነሣል። የሕፃናት አለ፤ ሕፃን ሊያየው የማይገባም አለ። ሁሉንም «ካርቱን» ብሎ መጠቅለል ተረቱንም ታሪኩንም «ወሬ» ብሎ እንደ መጠቅለል ነው።

ነገሩ የተጀመረው፣ ይገርማችኋል፣ ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የታች ጋይንት ልጆች ያኔ አርብ ገበያ ከተማ አንድ ክፍል ቤት በጋራ ተከራይተን፣ ስንቃችንን ከገጠር እያመላለስን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን እንከታተል ነበር፤ ትምህርቱም ሲቆም ሲቀጥል የነበረበት ወቅት ነው። በሚሞሪ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን ስናየው የቆየነው «አታክ ኦን ታይታን» የሚባለውን የሐጂሜ ኢሳያማን ሥራ ነበር።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ፦ በሦስት ታላላቅ ግንቦች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከግንቡ ውጭ ሰው የሚበሉ ግዙፎች ይዞራሉ። የግንቡ ሰዎች በዓለም ላይ የቀረን እኛ ብቻ ነን ብለው ያምናሉ። ቆይተው ግን ከባሕር ማዶ ሌላ ሕዝብ እንዳለ፣ ያም ሕዝብ እነሱን እንደ ጭራቅ እንደሚቆጥራቸው ይደርሱበታል። ኤረን የሚባለው ወጣት በመጨረሻ የወሰነው ውሳኔ ነው እንግዲህ አገር ምድሩን ያከራከረው። ማንጋው በ2021 እ.ኤ.አ. አልቋል፤ የፊልሙ መደምደሚያ የወጣው ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ እኛ ምንም በማይደርሰን ጊዜ ነው።

ምን አለፋችሁ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ የአከራያችን የእህት ልጅ መጨረሻውን አይቶታል ተባለ። ፍላሽ ይዟል? አልያዘም። በቃሉ ነው ያለው። እኛም እንጀራ በሽሮ አቅርበን «በል ንገረን» አልነው። ሦስት ሌሊት ነገረን። ያለፈውን እኛም ስለምናውቅ ዝም ብለን አልሰማነውም፤ «ቆይ ቆይ፣ ሚካሳ እንዲህ አታደርግም!»፣ «አርሚንስ የት ሄዶ?» እያልን እናስቆመው ነበር። እሱም «ያየኸው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ይላል፤ ግን ተመልሶ ያስተካክላል። ከወራት በኋላ ፊልሙ ራሱ በፍላሽ ሲደርሰን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከተነገረን አነሰብን። ልጁ አንድ ውጊያ ከራሱ ጨምሮበት ኖሯል፤ የጨመረው ውጊያ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ወደዚህ ተቋም ስንመጣ ይዘነው የመጣነው ያንን ልማድ ነው። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በሌላው ዓለም ይኸው ሥራ ስምና ሥርዓት እንዳለው አወቅን። በቶኪዮ ኮሚኬት የሚባለው የማንጋ ወዳጆች መሰብሰቢያ በዲሴምበር 1975 እ.ኤ.አ. ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ያህል ሰዎች ነበሩበት። በኦገስት 2019 እ.ኤ.አ. በአራት ቀን ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። ሰዎቹ አንድ የማይለቁት ደንብ አላቸው፦ እዚያ ደንበኛ የሚባል የለም፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም ተሳታፊ ነው። በአሜሪካም አኒሜ ኤክስፖ ከ1992፣ ኦታኮን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳሉ። በእነዚህ ላይ ከፊልም ሠሪዎቹ ንግግር ጎን ለጎን ተራ ወዳጆች ራሳቸው የሚመሩት ጉባኤ አለ፤ ፓነል ይሉታል። መምራት የፈለገ ሰው ከወራት በፊት ርእሱን ጽፎ ያመለክታል፤ አዘጋጆቹም መርጠው ክፍልና ሰዓት ይሰጡታል። እንጀራ የሚያበላ ሥራ አይደለም፤ ቢበዛ የመግቢያ ዋጋ ይቀርለት ይሆናል። አንዱ ተነሥቶ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ሰይፍ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ይናገራል፤ አዳራሹም ሞልቶ ይሰማዋል። የሚያስቀው ይሳቅ። እኛ ግን ስለ አንድ ሰይፍ አንድ ሰዓት መናገር የሚችል ሰው ስለ ክፍልፋይ አርባ ደቂቃ ለማስተማር አይቸገርም ባዮች ነን።

ከእነሱ የወሰድነው ማመልከቻውን ነው። በእኛ ዘንድ ጉባኤ የሚመራ ሰው ከሳምንት በፊት በግማሽ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ ያመጣል። ሰባታችን እናነበዋለን፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚያልቅ ከሆነ እንመልሰዋለን። «ጎኩና ናሩቶ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?» የሚለው ጥያቄ እስካሁን አራት ጊዜ ቀርቦ አራት ጊዜ ተመልሷል፤ አምስተኛውንም እየጠበቅን ነው። ሰዓት ጠባቂ አለን፤ ስልሳ ደቂቃው ሲሞላ ጠርሙስ በማንኪያ ይመታል።

ያልወሰድነው ነገር ደግሞ አለ። በእነሱ ፓነል ላይ አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ጠብቆ፣ ከማይክሮፎን ኋላ ተሰልፎ ነው የሚጠይቀው። ይህን እኛም ሞክረነዋል፤ አልሆነልንም። ባለፈው ዓመት ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ሄደን የተካፈልነው የመጽሐፍ ውይይትም እንደዚሁ ነበር፤ እንግዶች ሲተዋወቁ አርባ ደቂቃ፣ ንግግር ሲደረግ አንድ ሰዓት፣ ለጥያቄ የተረፈው አሥር ደቂቃ። አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት መጽሐፉን በቃላቸው የሚያውቁ ይመስሉ ነበር፤ ተናጋሪው በሳተ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጡ ነበር። ማንም «እርስዎስ ጋሼ?» አላላቸውም።

የእኛ ጉባኤ ሌላ መልክ የያዘው በአንድ ጓደኛችን ምክንያት ነው። ይህን የምንጽፈው ራሱን አስፈቅደን ነው። ከቤተ ልሔም ብዙ የማይርቅ ቀበሌ ልጅ ሲሆን ዕድሜው ከሁላችንም ከፍ ይላል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ለአምስት ዓመት ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ድጓ ተምሯል። እዚህ ከገባ ጀምሮ ግን ይህን ለማንም አልተናገረም። በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለቱን ሰምተው እንዳይስቁበት ነበር።

በሁለተኛው ማክሰኞ ከሌላ ዲፓርትመንት የመጣ ልጅ ስለ ናሩቶ ሲናገር «የመጀመሪያው ናሩቶ 500 ክፍል አለው» አለ። ወዲያው ከኋላ ወንበር «መልስ!» የሚል ድምፅ ቤቱን አናወጠው። ሁላችንም ዘወር ስንል ያ ዝምተኛ ጓደኛችን ነው፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ከዚያ ቀስ ብሎ «የመጀመሪያው 220 ነው፤ 500 የሆነው ሺፑደን ነው» አለ። ልክ ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ወጥቶ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ያዝነው። «ይህን ‹መልስ› ከየት አመጣኸው?» ብለን ብንይዘው ጊዜ ነው የተናገረው።

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን ከጋይንት የመጣን ሁሉ ስንሰማ አድገናል፤ ለዝማሬና መዋስዕት ዙር አምባ እንደሆነች ሁሉ ለድጓ ቤተ ልሔም ናት። ከሩቅ አገር የተማረ ሰው እንኳ በድጓ መምህርነት ለመመረቅ ወደዚያ ይመጣል፤ ድጓውንም በገዛ እጁ ጽፎ ይይዛል። ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን ከእኛ የሚያውቅ አልነበረም። ጓደኛችን እንዲህ ሲል አስረዳን፦ «ከፊደሉ ራስ ላይ ምልክት አለ፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ድፋቱን ቅናት አድርገህ ብታዜመው የኔታ ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ባይሆንም እዚያው ላይ ይመልሱሃል። አጠገብህ ያለውም ሰምቷል። እስክትጨርስ የሚጠብቅህ የለም። ስሕተቱን ይዘህ ካለፍክ በማግሥቱ ዜማ ሆኖ ይቀመጥብሃላ!» ይህን ያለው በቁጣ ነው፤ የምልክቶቹን ነገር ሲያወራ ሁልጊዜም እንደተቆጣ ሰው ነው። ምልክቶቹ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል መሠራታቸውን የነገረንም እሱ ነው። አራት መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ትናንት የተደረገ ይመስል ነበር አነጋገሩ።

ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ የሳተ ተናጋሪ እዚያው ላይ ይመለሳል። የሚመልሰው ሰው ግን ስንተኛው ክፍል ላይ እንደሆነ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ዝም ብሎ «ውሸት ነው!» ማለት አይቻልም። ጩኸቱ ይኸው ነው እንግዲህ።

ለጠያቂያችን አንድ ማክሰኞ ብቻ እንጥቀስለት። በዚህ ዓመት በኅዳር ወር የእስቴዋ ልጅ ስለ ኤረን ጉባኤ መርታ ነበር። ጥያቄዋ «ኤረን የዘጋው መንገድ የትኛው ነበር?» የሚል ነው። አርባ ያህል ሰው መጥቷል። ኤረን ግዙፎቹን አስነሥቶ ከባሕር ማዶ ያለውን ዓለም እንዲረግጡ ማድረጉ ሲነሣ አንዱ «ልክ ነው የምትሉ እጅ አውጡ» አለ። ጥቂት እጆች ወጡ። ሌሎች ሊወጡ ሲሉ አንዱ የስማዳ ልጅ ተነሥቶ «እጅ አታስቆጥሩን። እዚህ ያለን ሁላችንም ሌሊት ተኩስ የሰማን ነን። ማን እጁን እንዳወጣ ነገ ይታወሳል» አለ። የወጡት እጆች ወረዱ። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ጉባኤው እዚያ ላይ ሊበተን ነበር።

ያን ጊዜ የድጓው ጓደኛችን አንድ ነገር አስታወሰን። የታሪኩ አራተኛ ምዕራፍ የሚጀምረው ከባሕር ማዶ፣ ጋቢና ፋልኮ ከሚባሉት ልጆች ዘንድ ነው፤ ደራሲው ራሱ ወገኑን ለውጦ ነው የሚተርከው። «እንግዲያው እኛም እንለውጥ» አለ። በስተቀኝ የተቀመጡት የግንቡ ሰዎች፣ በስተግራ ያሉት የባሕር ማዶ ሰዎች ሆነው፣ ያንኑ አንድ ቀን ተራ በተራ እንዲተርኩት ተደረገ። ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ቦታ ተለዋወጡ። ማንም «መልስ» አላለም። አንዲት ልጅ መሀል ላይ ተነሥታ ወጣች፤ ለምን ብለን አልጠየቅናትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቀድማ መጥታ ወንበር ስትደረድር አገኘናት። ጠርሙሱ ሲመታ የተነሣ ሰው አልነበረም። ጠያቂያችን ያን ማክሰኞ በበራችን ቢያልፍ ኖሮ ክፍሉ ባዶ ነው ብሎ ይሄድ ነበር።

ለተግባር ልምምድ በወጣን ጊዜ ያየነውንም ታውቃላችሁ። «ገባችሁ?» ስንል ከስድሳ ሕፃን አፍ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይመጣል። የገባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ከዚያ «አዎ» ውስጥ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ከእኛ አንዷ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን «ስሳሳት መልሱኝ» ብላ ሆን ብላ 7 ጊዜ 8 ን 54 ብላ ጻፈች። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «እትዬ፣ 56 ነው» አለ። ተቆጣጣሪው መምህር በመመዘኛው ወረቀት ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ አላገኙም መሰለን፤ ከጠርዙ ላይ ጻፉት።

ስለዚህ የምንለምነው ሰዓቱ እንዲተውልን ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዳናሳልፍ እንስማማለን። መስኮቱንም እንዘጋለን። ጩኸቱን ግን እንተዋለን ብለን ቃል አንገባም።

የሚቀጥለውን ጉባኤ የሚመራው ያ ጓደኛችን ነው፤ ስለ አኒሜም አይደለም። ስለ ስምንቱ ምልክቶች እንዲነግረን ሦስት ወር ስንለምነው ቆይተን ገና አሁን እሺ አለ። የሁለት ሳምንት ጊዜ ስጡኝ ብሏል፤ አንድ ገጽ በእጁ ጽፎ ካልያዘ እንደማይቆም ነግሮናል። ብራናው ይቅርና ወፍራም ወረቀት አግኝተናል፤ ጥቁሩም ቀለም አለ። ቀይ ቀለም ያለው ሰው ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ለክበቡ ጸሐፊ ቢያውሰን ጠርሙሱን እንመልሳለን።