ስለ ቮልስ ፓራፋንጎና ከላሜራው ጀርባ ስላለው ዳዶ

አሮጌ መኪና የምትወዱ ወዳጆቼ ሆይ፤ ስለ ቀለም ማማርና ስለ ሞተር ድምፅ ብዙ ጊዜ ስንጨዋወት ኖረናልና፣ ዛሬ ደግሞ ማንም ቆሞ ስለማያየው፣ ነገር ግን የመኪናው ዕድሜ ስለሚጸናበት አንድ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም ፓራፋንጎን ከመኪናው አካል ጋር ስለሚያያይዘው ብሎንና ከላሜራው ጀርባ በኅቡእ ተቀምጦ ስለሚቀበለው ዳዶ፣ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ወደድሁ።

ፈርዲናንድ ፖርሼ የነደፈው ቮልስዋገን፣ እኛ በቁልምጫ ቮልስ የምንለው፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮዋ የፑዌብላ ከተማ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሲሠራ፣ መስኮቱ ሰፋ፣ መብራቱ መልኩን ለወጠ፣ ሞተሩም ጉልበት ጨመረ፤ አራቱ ፓራፋንጎዎቹ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በብሎን የሚታሰሩ፣ በብሎንም የሚፈቱ ሆነው ዘለቁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው መኪና ከዚሁ ወገን መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ የዚያ ዘመን እኩዮቹ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ዛሬም በአዲስ አበባ ዳገት ሲወጡ የምናይበት አንዱ ምክንያት፣ በግጭት የተጨማደደ ፓራፋንጎ የቀረውን አካል ሳይነካ ወርዶ በሌላ የሚተካ መሆኑ ነው። ይህን ያሰበ መሐንዲስ፣ ከእርሱ በኋላ ተወልዶ ከመኪናው ሥር ለሚተኛው ሠራተኛ አስቀድሞ አዝኖለታል እላለሁ።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት የሚከተለውን ማስተዋል ይበቃል። የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ ከጥርስ የሚራራቀው 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የመኪናው ላሜራ ውፍረት ግን 1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ፣ በላሜራው በራሱ ላይ ጥርስ ቢቆረጥበት አንዱን ጥርስ አሟልቶ ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ከላሜራው ጀርባ ዳዶ አስይዞ፣ ጭነቱን ሁሉ ያ ዳዶ እንዲሸከመው አደረገ። የብሎኑ ራስ በጎማው በኩል ለጭቃና ለውኃ ተጋልጦ ሲኖር፣ ዳዶው ደግሞ በአንዳንዱ ስፍራ እጅም ቁልፍም በማይደርስበት ክፍተት ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል። ክረምት በክረምት ላይ ሲተካ ዝገት ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ በመጨረሻም ሠራተኛው በ13 ቁልፍ ሊፈታ ሲታገል ወይ ብሎኑ ከአንገቱ ይቀነጠሳል፣ ወይ ዳዶው ከተያዘበት ተላቅቆ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ መኪና የሚበላሸው። በየጋራዡ እንደማየው ዳዶው የከዳው ፓራፋንጎ በብየዳ ከአካሉ ጋር ይጣበቃል፤ ስፌቱ በስቱኮ ይሸፈናል፤ ቀለም ይነፋበታል፤ ባለንብረቱም ለጊዜው ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ተዘርግቶ ብረት ብረትን እንዳይፍቅ፣ ውኃም እንዳይሰርግ የሚከላከለው ቀጭን የጎማ ጥብጣብ በዚያው ቀን ቦታውን ያጣል፤ እሳት የነካው የላሜራ ጀርባ ቀለሙ ተቃጥሎ ራቁቱን ይቀራልና ዝገቱ ማንም በማያየው በኩል ይጀምራል፤ ሁለተኛ ግጭት በደረሰ ጊዜም ባትላሜራው ፓራፋንጎውን ለማውረድ የመኪናውን ጎን መቁረጥ ግዴታ ይሆንበታል። ይህን የሚያደርጉት ባለሙያዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ጊዜ የሚያንሳቸው፣ ዕቃም የሚቸግራቸው ናቸው። ቢሆንም ፋብሪካው የሚፈታ አድርጎ የሰጠንን አካል የማይፈታ አድርገን ለልጆቻችን ማስተላለፍ፣ በእኔ ኅሊና ዘንድ አደራ ማጉደል ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው ሪቬት ዳዶ ከአውሮፕላን ሥራ የመጣ ነው። ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በረዶ የሚያራግፈውን ጎማ በአውሮፕላን ክንፍ ግንባር ላይ ለማሰር ሲያስብ፣ በተዘጋው ክንፍ ውስጥ እጅ አግብቶ ዳዶ የሚይዝ ሰው አይኖርምና፣ ከውጭ ብቻ ገብቶ በውስጥ ራሱን የሚያጸናውን ይህን ብልሃት አበጀ። ቅርጹ አጭር ቱቦ ነው፤ ከፊቱ በላሜራው ላይ የሚያርፍ ከንፈር፣ ከኋላው ጥርስ፣ በመካከሉ ደግሞ ቀጠን ያለ ግድግዳ አለው። የመሣሪያው ባለ ጥርስ ዘንግ ከገባበት በኋላ የኋላውን ወደ ፊት ሲስብ፣ ቀጭኑ ግድግዳ ወደ ክንድ እንደ ተሰበሰበ እጅጌ ተጨማትሮ ከላሜራው ጀርባ ያብጣል፤ ላሜራውም በከንፈሩና በእብጠቱ መካከል ተጨብጦ ይያዛል። የቮልስ ጎን እንደዚያ የአውሮፕላን ክንፍ ከጀርባ የተዘጋ ነውና መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሪቬት ዳዶ የበሰበሰ ላሜራ አያድንም። አስቀድሞ ዙሪያው እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ተፍቆ መመርመር አለበት፤ ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ከሆነ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ሊተካ ይገባል። ቀዳዳው ለ8 ሚሊ ሜትር ክቡ ዓይነት በአብዛኛው 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህንም በትራፓኖ ከትንሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማስፋት እንጂ በአንድ ጊዜ መብሳት ቀዳዳውን ክብ አያደርገውም፤ ቀዳዳው ከልክ ካለፈ ደግሞ አዲሱ ዳዶ እንደ ቀድሞው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ማውጣቱ ከፊተኛው የከፋ ድካም ነው። ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ቀዳዳውን በሞረድ ወደ ስድስት ማዕዘን ማውጣት ትዕግሥት ቢጠይቅም መዞርን ፈጽሞ የሚከለክለው እርሱ ነው። የቀዳዳው ከንፈር ዚንክ ያለበት ቀለም ሳይቀባ ዳዶው አይግባ፤ ለፓራፋንጎም ከአሉሚኒየሙ ይልቅ ዚንክ የለበሰው ብረት ይሻላል፣ አሉሚኒየም ከብረት ጋር በጨው ውኃ በተገናኘ ጊዜ ቶሎ ይበላልና። ብሎኑ ግራሶ ተቀብቶ በእጅ ይጀመር፤ ሁሉም ብሎኖች ገብተው፣ የጎማው ጥብጣብ በሥርዐት ተዘርግቶ፣ የበሩና የፓራፋንጎው ክፍተት በዓይን ተመዝኖ ሳያበቃ አንዱም እንዳይጠብቅ።

ስለ ፓራፋንጎና መርገጫ ስለመሰሉ ቀላል ክፍላተ አካል የተናገርሁት ግን የሰው ሕይወት ወደሚንጠለጠልበት ስፍራ እንዳይዛወር አጥብቄ እለምናለሁ። የወንበር ቀበቶ የሚታሰርበት፣ ፓራውልቱን የሚሸከመው ብረት የሚያርፍበት፣ አካሉም ከሻንሲው ጋር የሚጣመርበት ቦታ የሚቀበለው ጉልበት ለቀጭን ቱቦ እብጠት የሚበዛ ነው፤ በእነዚህ ስፍራዎች ፋብሪካው እንዳደረገው ጽኑዕ ዳዶ በወፍራም ብረት ላይ ተበይዶ፣ ያም ብረት ከአካሉ ጋር በሰፊው ተያይዞ መግባት ይኖርበታል፤ ይህንም ሥራ ብየዳን በሚገባ ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ነው።