ለጣሪያው መከታ፣ ለራስም ሄልሜት

ፍኖተ ሰላም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልትና ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገነጠሉት ጥርጊያ መንገዶች ግን በሞተር ሳይክል ወጥተው ያልተመለሱ ወንድሞችን አስባለሁ። ለሥራና ለአገልግሎት የወጡ ነበሩ።

በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ በገበያ ቀን አህያና ከብት ድንገት መንገድ ይገባል። መኪና ሲጋጭ ብረቱ ይቀድማል፤ ሞተር ላይ ግን የሚቀድመው የሰው ሥጋ ነው።

በለቅሶው ላይ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ወገኖቼ፣ ይህ አባባል ሁልጊዜ እውነት ነውን? ኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት ለጣሪያው መከታ እንዲያበጅለት ያዛል። መከታ መሥራት እምነት ማጣት አይደለም፤ ለባልንጀራ ነፍስ መጠንቀቅ ነው።

«የዐረቢያው ሎሬንስ» በ1935 እ.ኤ.አ. በሞተር አደጋ ሲሞት ካዩት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ጥገና ባለሙያው ሂዩ ኬርንስ ነበሩ። ጉዳዩን በዚያ አልተዉትም፤ በ1941 ስለ ሄልሜት ጥቅም ጥናት አወጡ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የታሰረ ሄልሜት የአንጎል ጉዳትን እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል። በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ግን ማንንም አያድንም።

የተባበሩት መንግሥታት በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቬምበርን ሦስተኛ እሑድ ለመንገድ አደጋ ሰለባዎች መታሰቢያ አድርጎ ተቀብሏል፤ በእኛ ኅዳር ውስጥ ይውላል። በዚያ እሑድ ያጣናቸውን እናስብ። ለወንጌላዊው ሞተር የገዛች ቤተ ክርስቲያንም ሁለት ሄልሜት ትግዛ፤ አንዱ ለእርሱ፣ ሁለተኛው ከኋላው ለምትቀመጠው ባለቤቱ።