ለአንድ ፎቶ

ፈጅር ሰግደን ከፊኒክስ ወደ ቱክሰን የነዳነው ሳጓሮ የሚባለውን የአሪዞና በረሃ ቁልቋል ሲያብብ ፎቶ ለማንሳት ነበር። ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ደርሰን ተከድኖ ጠብቆናል። ነጩ አበባ ሌሊት ፈክቶ በማግስቱ ከሰዓት ይዘጋል፤ ዳግም አይከፈትም። የሌሊት ወፎች ሁሌም ይቀድሙናል!

አሁን ግን ደረስንበት። ርግቦች አበባው ውስጥ ራሳቸውን ቀብረው ይቀስማሉ። ቁልቋሉ ረጅም ስለሆነ አንዳችን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው እግሩን አያይም፤ ታውቁታላችሁ። ከቁጥቋጦ ጥላ ሥር አውራ ጣት የምታክል የሳጓሮ ቡቃያ ረገጠ።

ሳጓሮ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ክንድ እስኪያወጣ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል።

ወንድማችን ተንበርክኮ ሊያቃናት ሞከረ፤ እሾኋ ወጋው። ፎቶው አምሯል። እስካሁን ማናችንም አልለጠፍነውም።