ኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?

ባለቤቴ «ደብል ጋቢና ሃይሉክስ እንግዛ» ማለት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ገንዘቡ የአራት ዓመት ቁጠባችን ስለሆነ ዝም ብዬ እሺ ልል አልቻልኩም። ሥራዬም ማርኬቲንግ ነው፤ አንድ ዕቃ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ነው።

መኪናው የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። አንድ ቶን ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ኩንታል፣ ይጭናል። ከፍ ያለ ነው፤ ፎር ዊሉም ከክረምት ጭቃ ያወጣል። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ሲሸጥም ገዥ አያጣም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህማ ባለቤቴ «የምንገዛው መኪና ሳይሆን ንብረት ነው» ይላል።

እኔ ደግሞ ካሌንደር ይዤ ቁጭ አልኩ። ባለፈው ዓመት ዕቃ የጫንነው ስንት ቀን ነው? ጤፍ ያስመጣን ዕለት፣ ሶፋ የገዛን ዕለት፣ የአማቴ ዕቃ የመጣ ዕለት። ሦስት ቀን! (የበዓሉን በግ አልቆጠርኩም፤ እሱ በላዳም ይመጣል።) በቀረው ጊዜ የሚያስፈልገን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ የሚያስገባን መኪና ነው። በኮንዶሚኒየማችን ግቢ 5.3 ሜትር የሚረዝም መኪና ማቆም ደግሞ በየማታው ከጎረቤት ጋር መደራደር ነው። የድሮዋ ቪትዝ 3.6 ሜትር ገደማ ናት። የጭነት ቦታውም ክፍት ስለሆነ ሐምሌ ላይ አስቤዛ ለመጫን ሸራ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የኋላ ወንበሩ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ወገባቸውን ያማቸዋል። የመኪናው የኋላ ክፍል ያረፈው በባሌስትራ ላይ ነው፤ ባሌስትራው ብዙ ጭነት እንዲሸከም የጠነከረ ስለሆነ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ይነጥራል። መደገፊያውም ቀጥ ያለ ነው። መኪና የሚመርጠው ሰው ፊት ስለሚቀመጥ ይህን አያውቀውም።

ስለዚህ በወንድሙ ሃይሉክስ ወደ ምንጃር ስንሄድ ባለቤቴ ከኋላ፣ ከእናቱ ጎን እንዲቀመጥ ጠየቅኩት። አስፋልቱ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ መኪናው ጥንካሬ ነበር። ፒስታው ላይ ስንወጣ ወሬው ቆመ። ስንደርስ ወገቡን ይዞ «ትንሽ ይነጥራል» አለ። ስንመለስ ግን አራት ኩንታል ጤፍ ስለተጫነበት መኪናው ለስለስ አለ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

የእኔ ሐሳብ እርሻ ወይም ንግድ የሌለው ቤት ትንሽ አውቶሞቢል ገዝቶ በጭነት ቀን ፒክአፕ ቢከራይ ይሻላል የሚል ነው። አማቴ ግን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፦ «ልጄ፣ እኔ በየወሩ አገሬን ልይ ብልስ መኪና ልትከራዩልኝ ነው?» መኪና ስለሌለን ሳይሄዱ የቀሩባቸው ቀናት ካሌንደር ላይ አይታዩም።

ድርድሩ እዚህ ደርሷል፦ ሃይሉክስ ከተገዛ ጋቢናው የእማማ ነው፤ እኔና ልጆቹ ኋላ እንቀመጣለን። ባለቤቴ ባሌስትራ የሚያለሰልስ ጋራዥ እያጠያየቀ ነው። እኔ ደግሞ የራቭ ፎር ዋጋ እያጠያየቅኩ ነው።